ኮሶ ውሃን ማን ይጠብቀው?

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ፣ ከውጭ በገባሁ ቁጥር የባለቤቴ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ጫማዬ ላይ ነው። ጫማዬ ንጹህ ነው። ዕድሜ ልኳን "ጭቃህን አራግፈህ ግባ!" ስትለኝ የኖረች ሴት፣ አሁን የምትቆጣበት ነገር አጥታ ግራ ገብቷታል። "ምነው፣ የማላውቀው ሰው መሰልከኝ" አለችኝ ባለፈው። እውነቷን ነው። ጎንደር አራዳ ካለችው ቤታችን ወጥቼ፣ ጣሊያን ሠርቶት በሄደው በቀድሞ መሥሪያ ቤቴ በር በኩል አልፌ፣ ሻይ ጠጥቼ፣ ወሬ ለቃቅሜ እመለሳለሁ። መንገድ ላይ የማገኛቸው ሰዎች ግን ዛሬም "ነገረ ፈጅ፣ እንደምን አደሩ?" ይሉኛል። ወንበሩን ወሰዱት እንጂ ስሙን አልነጠቁኝም፣ ተመስገን።

ነገረ ፈጅ ማለት መሥሪያ ቤቱን ወክሎ ችሎት የሚቆም፣ የሚከስና የሚከሰስ ሰው ነው። የእኔ መሥሪያ ቤት የሚጠብቀው ደንን፣ ምንጭንና የጋራ ግጦሽን ነበር። ሌላው ጠበቃ ደንበኛው ቤቱ ድረስ መጥቶ እያለቀሰም እየተቆጣም ጉዳዩን ይነግረዋል። የእኔ ደንበኞች ዛፍና ውሃ ነበሩ። አይነግሩህም፣ አይመሰክሩልህም፣ ብትረታላቸውም አያመሰግኑህም። ያም ሆኖ እንደገና ብፈጠር ሌላ ሥራ አልመርጥም።

ሥራ የያዝኩት ጣሊያን በወጣ ማግስት ነው። የቤተ ክህነት ትምህርት ነበረኝ፣ እጅ ጽሑፌም ሸጋ ነው ይሉኝ ስለነበር ጸሐፊ አድርገው ቀጠሩኝ። የመጀመሪያው አለቃዬ ከበረሃ የተመለሱ አርበኛ ነበሩ። ሽጉጣቸውን የሚያስቀምጡት መዝገቡ ላይ ነው። ለማስፈራራት አይምሰላችሁ፤ የቢሮው መስኮት መስታወት ስላልነበረው ነፋስ ወረቀቱን እንዳይበትንባቸው ነው። ባለጉዳዩ ግን ይህን ከየት ይወቅ? ገና ከበሩ ላይ እጅ ነስቶ፣ ያልጠየቁትን ሁሉ ተናዞ ይወጣ ነበር። ደሞዛችን ሲዘገይ ደግሞ ከእኔ ቀድማ የምታማርረው በቅሎዬ ነበረች። ዳማ እላታለሁ። እንደ ዳማ ያለች ሆዳም በቅሎ በበጌምድር ምድር አልተፈጠረችም። አለንጋ አይመልሳትም፣ ለምለም ሣር ካየች አንገቷን ሰብራ መውረድ ነው። ይህ ጠባይዋ በኋላ የሚያመጣብኝን ጉድ እነግራችኋለሁ።

ከዚያ ወደ ጭልጋ ተዛወርኩ። እዚያ ቅማንቶች የሚጸልዩበት የጥንት ደን አየሁ። ዙሪያው ሁሉ ተመንጥሮ ታርሷል፤ እሱ ብቻ ጥቅጥቅ ብሎ ቆሟል። ዘበኛ የለውም፣ አጥር የለውም። አንዱን ሽማግሌ "አያ፣ ይህን የሚጠብቀው ማነው?" አልኳቸው። "ማን ይደፍረዋል?" ብለው ጥያቄዬን በጥያቄ መለሱልኝ። ልጅ ነበርኩ፤ ሰውዬው መልስ የነፈጉኝ መሰለኝ።

ሰው ያደረገኝ ግን ከጭልጋ ስመለስ ያገኘሁት ሰው ነው። ግራዝማች አድማሱ ይባላሉ። የመሥሪያ ቤቱ ዋና ነገረ ፈጅ ነበሩ፤ እኔ ረዳታቸው ሆንኩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ከሹክሹክታ ጥቂት ከፍ የሚል ሰው ናቸው። ችሎት ላይ ሌላው ሲጮህ እሳቸው ዝቅ ብለው ይናገራሉ። ዳኞቹ ለመስማት ወደ ፊት ጎንበስ ይላሉ። "የጎነበሰ ዳኛ ግማሹን ፈርዶልሃል" ይሉኝ ነበር።

ጠባያቸው ብዙ ነው። ክስ ሲመጣ መዝገቡን አይገልጡም። በቅሏቸውን ያስጭኑና "ና እንሂድ" ብቻ ነው። በሶና ውሃ በቅል ይዘው ይወጣሉ፤ ከከሳሽም ከተከሳሽም ቤት እህል አይቀምሱም። ቦታው ሲደርሱ ጫማቸውን አውልቀው፣ ሱሪያቸውን ሰብስበው ጭቃው ውስጥ ይገባሉ። እኔ ደረቅ ላይ ቆሜ ብጠብቃቸው "ኧረ ግባ! ዳር ቆሞ ጠበቃ የለም" ብለው ይጠሩኛል። ከሽማግሌዎቹ በፊት የሚያነጋግሩት ውሃ የሚቀዱትን ሴቶች ነው። ሽማግሌ የአያቱን ዘመን ይነግርሃል፣ ሴቶቹ ግን ዛሬ ጠዋት ውሃው የት እንደነበረ ያውቃሉ ይሉ ነበር።

ረግረግን ማንበብ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እንግጫ በብዛት ከበቀለ ውሃው ቅርብ ነው። ሰምበሌጥ መውጣት ከጀመረ ውሃው እየሸሸ ነው። በትር አሹለህ መሬቱን ትወጋለህ፤ ስትነቅለው "ቡልቅ" ካለ መሬቱ ጤነኛ ነው፣ ዝም ካለ ታሟል። ቦይ የተቆፈረ እንደሆነ ደግሞ ከጎኑ የተከመረውን አፈር ታያለህ። ሣር ካበቀለ የቆየ ነው። ከላይ ቀዩ፣ ከሥር ጥቁሩ ከሆነ አንድ ሰሞን የተቆፈረ ነው፣ ምክንያቱም ጥቁሩ አፈር ቀድሞ ወጥቶ ቀዩ በላዩ ወድቆበታል። ጥቁርና ቀይ እያፈራረቀ ከተደራረበ ሰውዬው በየጊዜው ተመልሶ አጥልቆታል ማለት ነው። ይህን ችሎት ላይ ስትናገር ተከሳሹ ራሱ ገርሞት ያምንልሃል።

እንግዲህ ወደ ኮሶ ውሃ ልግባ። ኮሶ ውሃ ወገራ ውስጥ ያለ ጨፌ ነው። ሰፊ አይደለም፤ ግን ከግርጌው የሚፈልቀውን ምንጭ ሦስት መንደር ይጠጣዋል። ጨፌው ሲያያዝ በመጣ ወግ የሚጠበቅ ነበር። ክረምቱ ሲወጣ የአጥቢያው ካህን ቄስ ዋሴ መስቀላቸውን ይዘው "ከጥምቀት በፊት ከብት ያስገባበት፣ ሣር ያጨደበት ግዝት ነው" ይላሉ። ሕዝቡ "አሜን" ይላል። አለቀ። ከዚያ በኋላ በሬው በርሃብ ቢያጓራ እንኳ የሚያስገባ የለም። ጥምቀት ሲያልፍ ግዝቱ ይፈታና ሁሉም በተራው ያጭዳል። በመጸው የተጠበቀው ሣር በበጋ ከብቱን ያተርፈዋል።

የክሱ መነሻ ቀኛዝማች ፈንታ ናቸው። የአገሩ ባላባት፣ ኩሩ፣ ግርማ ያላቸው ሰው ነበሩ። የጨፌው የላይኛው ጫፍ በርስት የኔ ድርሻ ነው፣ ጠፍ ሆኖ ከሚቀር አጠንፍፌ ገብስ ልዝራበት ብለው ቦይ አስቆፈሩ። ውሃው በቦዩ ሲወርድ ጨፌው መድረቅ፣ ምንጩም መቀነስ ጀመረ። መንደርተኛው ለመሥሪያ ቤታችን አቤት አለ።

እንደ ልማዳችን ወጣን፤ ግራዝማች ጫማቸውን አወለቁ፣ እኔም ተከተልኩ። ጨፌው ዳር አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ ጭቃ ስትቆፍር አገኘናት። ወርቂት ትባላለች። ከቤተ እስራኤሎቹ መንደር ናት፤ ባሏ ቀጥቃጭ ነበር፣ ሞቷል። እሷ ማድጋ፣ ጋን፣ ምጣድ እየሠራች ልጆቿን ታሳድጋለች። ግራዝማች ሰላም ብለው "እቴ ወርቂት፣ ይህ ጨፌ ቢታረስ ማን ይጎዳል?" አሏት።

"ርስተኞቹ ሣር ያጣሉ፣ ጌታው። እነሱ ሌላም መሬት አላቸው" አለች። ከዚያ ጭቃውን በመዳፏ ይዛ አሳየችን። "እኔ ርስት የለኝም። ያለኝ ይህ ነው። የኮሶ ውሃ ጭቃ እሳት አይፈራም፤ ከሌላ ቦታ ያመጣሁት ሁሉ ሲተኮስ ይፈነዳብኛል። ይህ ከደረቀ ልጆቼን ይዤ እሄዳለሁ።"

"ወዴት?" አልኳት እኔ።

"ጭቃ ወዳለበት።"

ለርስተኛ እንጂ ለጭቃ ቆፋሪ የክስ መብት የለም። እቴ ወርቂት በመዝገቡ ላይ ስሟ አይገባም። ግራዝማች ስንመለስ በመንገድ ላይ "ልጄ፣ ይህን ክስ ስትከራከር ለማን እንደምትከራከር አትርሳ" አሉኝ። ክሱን ለእኔ መስጠታቸው ነው። ደነገጥኩ፣ ደስም አለኝ።

ችሎቱ ከባድ ነበር። ዳኛው "ደን ነው እንዳልል ዛፍ የለውም፣ ምንጭ ነው እንዳልል ምንጩ ታች ነው። ታዲያ መንግሥት ምን አገባው?" አሉ። እውነት ለመናገር በሕጉ ላይ ጨፌ የሚል ቃል አልነበረም። እኔ የጠየቅሁት አንድ ነገር ነው፤ ዳኛው ቦታው ድረስ ይምጡልኝ። መጡልኝ፣ እግዜር ይስጣቸው። በፊታቸው ምንጩ አፍ ላይ ያለው ድንጋይ ላይ ውሃው የደረሰበትን በከሰል አሰመርኩ። ከዚያ ቦዩን በሣር ጓል ደፈንነውና ዳኛው ማንም እንዳይነካው ማኅተማቸውን የያዘ ሰው አቁመው ሄዱ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሲመለሱ ውሃው ከከሰሉ በላይ ወጥቶ ድንጋዩን ውጦታል። ዳኛው ጎንበስ ብለው በእፍኛቸው ጠጡና "እንዲህማ ከሆነ ጨፌው የምንጩ እናት ነው" አሉ። ተፈረደልን። ከምንጭ በላይ ያለ ረግረግ እንደ ምንጩ ይጠበቅ፣ ቦይ አይቆፈር፣ አይታረስ፣ መንግሥትም ዘበኛ ያቁም ተባለ።

ደስታዬን እንዴት ልንገራችሁ? ሄጄ ለእቴ ወርቂት "ከእንግዲህ ማንም አይነካብሽም!" አልኳት። እሷም እልል አለች። ሕግ ሠራሁ ብዬ በዳማ ላይ እየዘፈንኩ ጎንደር ገባሁ። በማግስቱ መሥሪያ ቤቱ ፍርዱ በገበያ ቀን በአዋጅ ይነገር ብሎ አዘዘ። አዋጅ ነጋሪው ነጋሪት እየጎሰመ "ቀኛዝማች ፈንታ በሕግ ተረትተዋል!" እያለ ገበያውን ዞረው። አማቻቸው፣ አበልጃቸው፣ ባለዕዳቸው ሁሉ በቆመበት። ግራዝማች ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ። "ምነው ይህን አደረጉ?" ብቻ አሉ። ያን ጊዜ ጡረታቸው ደርሶ ስለነበር ብዙም ሳይቆዩ ወደ እርሻቸው ወደ ጠዳ ወረዱ። ወንበሩ ለእኔ ቀረ።

ክረምቱ ወጣ። ቄስ ዋሴ እንደ ወጉ ጨፌውን ሊገዝቱ መስቀላቸውን ይዘው ሲነሡ መንደርተኛው ከለከላቸው። "አባ፣ አሁንማ በንጉሥ ስም ተፈርዶበታል፣ ዘበኛ ቆሞበታል። በንጉሥ ትእዛዝ ላይ የእኛን ግዝት መደረብ ድፍረት አይሆንም? ሕጉ አልበቃን ብሎ ነው ወይ?" አሉ። ቄሱም እውነት መሰላቸው። በአክብሮት ብዛት፣ ሕግን በመፍራት፣ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ያልተቋረጠውን ግዝት ተዉት። "በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢለው፣ በራሷ አሳጠረች" ይባል የለ? እንደዚያው ነው የሆነው።

እኔ ይህን የሰማሁት ዘግይቶ ነው። በበጋው መካከል ስወጣ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ጨፌው ተግጦ መላጣ ሆኗል። ነገሩን የጀመረው ዘበኛው ራሱ ነው፤ ሁለት በሬዎቹን ማታ ማታ ያስገባ ነበር። ያየው ጎረቤት "የመንግሥት ሰው በሬ ከበላ የእኔስ በሬ ምን አጠፋ?" አለ። ከዚያ የሱ ጎረቤት። ከብት ሲረጋግጠው የደፈንነው ቦይ ተናደ፣ ውሃው እንደገና መውረድ ጀመረ። ቦዩን ማን ይድፈን? "የመንግሥት ነው" ይላሉ። በፊት የሁሉም የነበረው ጨፌ በአንድ ዓመት የማንም ሆነ። የሚገርመው፣ ከብታቸውን ያላስገቡት ቀኛዝማች ፈንታ ብቻ ናቸው። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ጨፌው ሲያልቅ ያዩ ነበር። "ሕግ አለን ብላችኋል፣ ሕጋችሁ ይጠብቅላችሁ" ይሉ ነበር አሉ።

እቴ ወርቂት ደጃፍ ስደርስ የተሰነጣጠቁ ማድጋዎች ተከምረው አየሁ። ጭቃው ደርቆ ዓመሉን ቀይሯል፤ እሳት ሲነካው ይተረተራል። ጠፍር እየፈተለች ነበር፣ ለአህያ መጫኛ።

"ልትሄጂ ነው?" አልኳት።

"ከፋሲካ በፊት" አለች፣ ቀና ሳትል። "ጭቃው ብቻ ቢሆን ትንሽ እታገሥ ነበር። አሁን ደግሞ ጨፌው የደረቀው በሷ ዓይን ነው እያሉ ነው። ውሃ ስቀዳ ልጆቻቸውን ይሸሽጉብኛል። ጌታው፣ ማንም አይነካብሽም ብለውኝ ነበር እኮ።"

በሥራ ዘመኔ ብዙ ክስ ተረትቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን አንጀቴ የተቆረጠበት የለም። ያሸነፍኩት ክስ ነዋ! የፍርዱ ግልባጭ በቦርሳዬ ውስጥ አለ፤ ምንጩ ግን አፉ ደርቋል። በቀጥታ ወደ ጠዳ ወረድኩ።

ግራዝማች ከጎተራቸው ጥላ ሥር ተቀምጠው ሽምብራ ሲለቅሙ አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። ዘበኛው ይቀየር፣ ሌላ ሁለት ይጨመር፣ ከብት ያስገቡትን ሁሉ ልክሰስ አልኩ። ፍርዱን አውጥቼ ሳሳያቸው በአገጫቸው ወደ ወረቀቱ ጠቆሙና ሳቁብኝ። "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" አሉ። "ልጄ፣ አገሩን ሙሉ ከሰህ የት ትደርሳለህ? ጨፌውን ግዝቱ ሲጠብቀው ኖረ። ግዝቱን መልሱት።"

"ቄስ ዋሴ ብቻቸውን አይችሉም። 'ሁሉም ካላለ አሜን አይሰምርም' ይላሉ። ቀኛዝማች ደግሞ አልቆምም ብለዋል። እሳቸው ካልቆሙ ግማሹ አገር አይቆምም።"

"እውነታቸውን ነው" አሉ ግራዝማች። "ፍርድ ቤት የሚፈርደው መሬቱን ነው። ጎረቤቶቹ ግን እዚያው ጎረቤት ሆነው ይቀራሉ። ያንን ሰው በገበያ መሃል አዋርዳችሁ ለማስታረቅ የሄደ አለ?"

"የለም።"

"እንግዲህ ድንጋይ ተሸክመን እንሄዳለን።"

"እኔ?" ብዬ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። "የመንግሥት ነገረ ፈጅ? ላሸነፍኩት ሰው? ኧረ ምን ነካዎት!"

"ያሸነፈ ሰው ሲሸከም ነው ድንጋይ የሚከብደው" አሉና ወደ ሽምብራቸው ተመለሱ። ልመናዬም ቁጣዬም አላነቃነቃቸውም። ተመልሼ ተቀመጥኩ። እቴ ወርቂት ጠፍሯን ስትፈትል ታየችኝ። "እሺ" አልኩ።

የዚያን ጊዜ አለቃዬ ከአዲስ አበባ የመጡ የተማሩ ሰው ነበሩ። ጭቃ አይወዱም፣ ጠላም አይጠጡም፣ ልባቸው ግን ንጹህ ነው። ነገሩን ስነግራቸው "ግዝት በሕግ ውስጥ የለም" አሉ። "ድንጋይም የለም፣ ጌታዬ" አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና "እንግዲህ የሠራተኛ ፈቃድ እሰጥሃለሁ። በፈቃድህ ምን እንደምትሸከም እኔ አላይም" አሉኝ። እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

ቄስ ዋሴ፣ የመንደሩ ሽማግሌዎች፣ ግራዝማች አድማሱና እኔ፣ ነጠላችንን አሸርጠን፣ ድንጋያችንን አንገታችን ላይ አድርገን የቀኛዝማችን አቀበት ወጣን። ሰው በየደጃፉ ወጥቶ ያያል። አንገቴን ያመመኝ ድንጋዩ ይሁን ዓይኑ አላውቅም። ቀኛዝማች በራቸው ላይ ቆመው ሲያዩን ቆዩ። በመጨረሻ በእኔ ላይ አፈጠጡ።

"ይህ ያ ነገረ ፈጅ አይደለም? ያሸነፍከኝ አንተ አይደለህም? ምነው ድንጋይ ተሸከምክ?"

"ፍርዱን አሸንፈናል፣ ጌታዬ" አልኩ ወደ መሬት እያየሁ። "ጨፌው ግን ሞተብን። ያለ እርስዎ አይድንም።"

ግራዝማች በዚያች በትንሿ ድምፃቸው ቀጠሉ። "ፍርዱ ልክ ነበር፣ ቀኛዝማች። አዋጁ ግን ክፉ ነበር። ለዚያ ነው የመጣነው። ስለ ማርያም ብለው ይተዉልን።"

ቀኛዝማች ለመስማት ጎንበስ ማለታቸውን አየሁ። ከውስጥ ሚስታቸው "ኧረ በእናትዎ! ሽማግሌ ፀሐይ ላይ አቁመው!" ብለው ጮሁ። ቀኛዝማች ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "አማቼ በቆመበት ስሜን ጠሩት እኮ" አሉ። ከዚያ ወርደው የግራዝማችን ድንጋይ አነሡላቸው፣ የቄሱን፣ የሽማግሌዎቹን። የእኔን መጨረሻ አነሡልኝ። "የአንተን እንኳ ትንሽ ላቆየው ነበር" አሉ። ሁላችንም ሳቅን። ሲያስገቡን አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። "ያንን ዘበኛችሁን ከነበሬዎቹ ውሰዱልኝ። እኔ እጠብቀዋለሁ።"

ግዝቱ የታሰረው በቤተ ክርስቲያን ደጅ አይደለም። ግራዝማች "የሚጠቀምበት ሁሉ በሚቆምበት ቦታ ይሁን" ስላሉ ጨፌው ዳር ተሰበሰብን። እቴ ወርቂትና ዘመዶቿ ራቅ ብለው ቆመዋል። በመጀመሪያ እኔ ፍርዱን አነበብኩ። ቄስ ዋሴ መስቀላቸውን ሊያነሡ ሲሉ ከወደ ኋላ አንዱ "ዓይኗስ? እሷ እያለች ግዝት ምን ይሠራል?" ሲል ተሰማ። እቴ ወርቂት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

ቀኛዝማች ፈንታ ዶማ ይዘው መሃል ገቡ። "ማነው እሱ?" አሉ። "ይህን ቦይ ያስቆፈርኩት እኔ ነኝ። ሣሩን የጨረሰው የእናንተ በሬ ነው። ጨፌውን ዓይን አላደረቀውም፤ ዶማ ነው ያደረቀው! ይኸው ዶማው!" ብለው የመጀመሪያውን ጓል ራሳቸው ቦዩ ውስጥ ጣሉ። ከዚያ ወደ እቴ ወርቂት ዞሩ። "አንቺም ነይ። ጭቃሽን ከዳር እንደ ወትሮሽ ትወስጃለሽ። ወግሽ ነው።"

ሕዝቡ እየተጋፋ ቦዩን ደፈነ። ቄስ ዋሴ ገዘቱ፤ "አሜን" ሲባል ኮረብታው መለሰው። እቴ ወርቂትም በኦሪቷ ማለች፤ ከዳር በቀር ወደ መሃል ላልቆፍር ብላ። አህያዋ ሳይጫን ቀረ። እኔ አለቀስኩ፣ አላፍርበትም። ግራዝማች በጎኔ ቆመው ባዶ እግራቸውን ጭቃው ውስጥ እያሻሹ "ገብተህ አየኸው?" ብቻ አሉኝ።

ከዚያ በኋላ በሄድኩበት ሁሉ፣ ደን ይሁን ምንጭ፣ ፍርድ ከማስፈረዴ በፊት "እስከ ዛሬ ማን ጠበቀው?" ብዬ መጠየቅ ለመድኩ። የጭልጋው ሽማግሌ መልስ እንዳልነፈጉኝም ያኔ ገባኝ። ግራዝማች አድማሱ በሰላም አርፈዋል፤ ነፍሳቸውን ይማር። የተማርኩትን ሁሉ ያስተማሩኝ ጫማ አውልቀው ነው።

ዘንድሮ፣ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ያገሩን ሰው ልሰናበት ብዬ ዳማን ጭኜ ወደ ወገራ ወጣሁ። መስከረም አልቆ ጥቅምት ገብቶ ነበር። ዳማ አርጅታለች፣ ሆዷ ግን አላረጀም። ኮሶ ውሃ ስንደርስ እንግጫው እስከ ጉልበት ደርሶ፣ ጤዛው ሲያበራ ሳየው ልጓሙን ረስቼ ቆሜ ቀረሁ። ምንጩ ከታች ሲንፎለፎል ይሰማኛል። "ተመስገን" እያልኩ ሳለ ዳማ አንገቷን ሰብራ ገባችበት። አንድ ጉርሻ፣ ሁለት ጉርሻ።

"በሕግ አምላክ! ቁም!"

በአገራችን ይህ ቃል ሲነገርህ ትቆማለህ፣ ሌላ ነገር የለም። ቆምኩ። ቀኛዝማች ፈንታ ናቸው፤ ሸምግለው በዱላ ተደግፈው ይመጣሉ። ቀርበው ሲያውቁኝ ነገሩ ያለፈኝ መሰለኝ። አላለፈኝም።

"ነገረ ፈጅ፣ እንኳን በደህና መጡ። ጨፌው ተገዝቷል። በቅሎዎን ያስረክቡ።"

"ቀኛዝማች፣ እኔ እኮ ነኝ!"

"ማን መሆንዎን አይቻለሁ። በቅሎዋም ማን እንደሆነች አይቻለሁ።"

ዳማን ይዘው የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አሰሯት። ሽማግሌዎቹ ዋርካው ሥር ተቀመጡ። መከራከሪያ ፈለግሁ፤ እርጅናዋን አነሣሁ፣ መንገደኛነቴን አነሣሁ። "ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል" ይላሉ፤ እኔ በመናገሬ ባሰብኝ። መቀጫው ለሰንበቴው አንድ ጋን ጠላ ሆነ። ወሬው ደርሷት የመጣችው እቴ ወርቂት፣ ፀጉሯ ሁሉ ነጭ ሆኗል፣ እየሳቀች "ጋኑን እኔ አውሰዋለሁ። የኮሶ ውሃ ጭቃ ነው፣ አይሰነጠቅም" አለች።

ጠላው ተጠምቆ እስኪደርስ ዳማ በመያዣነት ቀረች። እኔ በአቋራጩ፣ በጨፌው ዳር ዳር በእግሬ ተመለስኩ። ባለቤቴ በሩን ከፍታ ጫማዬን ስታይ ዓይኗ በራ።

"ጭቃህን አራግፈህ ግባ!" አለች። ከዚያ "በቅሎዋስ? ምነው፣ ጡረታ ወጣሁ አላልከኝም?"

"ተከስሼ ነው የመጣሁ።"

"ኡኡቴ! ተረታህ?"

"ተረታሁ" አልኳት፣ "ተመስገን።"